ጠፊው ያለበት ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከድር ላጲስ ብሎ የሸጠልኝ ነገር ላጲስ አይደለም። ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እርሳሱን አያጠፋም፣ ያዳርሰዋል። የግርማን አፍንጫ አራት ጊዜ ሥዬ አራት ጊዜ ላጠፋ ብሞክር ሰውዬው ከከሰል ጆንያ የወጣ መሰለ። ተነሥቼ ሱቁ ድረስ ሄድኩና ላጲሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ከድር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ላጲስ ነዋ ጋሽ ዘነበ።»

«እስቲ አጥፋበት።»

የራሱን ጽሑፍ ሊያጠፋ ሞከረ። ግማሽ ገጽ አጠቆረ። ቀና ብሎ አየኝና «እርጥበት ገብቶበት ይሆናል» አለኝ። በጥቅምት ፀሐይ! ሌላ ሰጠኝ። እሱም ያው ነው።

እሺ፣ ላጲሱ ሰበብ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የጨዋታዬ መመሪያ መጽሐፍ ሰኞ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ከአሥራ ሁለቱ ሥዕሎች አንዱ ቀርቶኛል፤ እጄ ደግሞ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይፈራል። ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። ጡረታ እስክወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ በተበላሸ ቁራጭ ጨርቅ ላይ የአለቆቼን መልክ እየሣልኩ ነው የተማርኩት። ሁለት ጊዜ ተቀጥቼበታለሁ። ሁለቱም ሥዕሎች ቁርጥ አለቆቼን ይመስሉ ነበር።

ጨዋታው «ወረፋ» ይባላል። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ከቤት እስከ ቦኖ ውሃ አርባ መራመጃ ቤት አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰውና አንድ ጀሪካን ይሰጠዋል፤ ሰውየው የሸሚዝ ቁልፍ ነው፣ ጀሪካኑ ቢጫ የተቀባ ቆርኪ። ጀሪካንህ ወረፋው ላይ ቦታህን ይዞልህ አንተ ወፍጮ ቤት፣ ቀበሌ፣ ለቅሶ ትሄዳለህ። ጉዳይህን ጨርሰህ ተራህ ሳይደርስ መመለስ አለብህ። ከመሄድህ በፊት ግን ከኋላህ ላለው ሰው «መጣሁ፣ ቦታዬን» ማለት አለብህ። ሳትል ከሄድክ አለቀልህ። ቦኖ ላይ ያደገ የአቃቂ ሰው ይህን ሕግ ማንም አላስተማረውም፤ ቆሞ ነው ያወቀው። የዛሬ ልጆች ግን ከቧንቧ ጋር ነው ያደጉት። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ ያም ሆኖ ወረፋ አያውቁም። መጽሐፉ ለእነሱ ነው።

የእህቴ ልጅ ሳባ አስተማሪ ናት። ለትምህርት ቤቷ ሃያ እንዲታተም ያስፈቀደችው እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አንተ አጠገባቸው ተቀምጠህ ሳትተርክላቸው፣ ልጆቹ መጽሐፉን ብቻ ከፍተው መጫወት አለባቸው» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምክር እስካሁን አልለየሁትም።

ስለዚህ ሕጉን በጽሑፍ ብቻ አልተውኩትም። የሚጥሱትን ሰዎች ሣልኳቸው፦

«ጥያቄ ብቻ ነው» እያለች ከፊት የምትገባዋ ሴትዮ።

ወረፋው ውስጥ ባየው ሰው ሁሉ «ዘመዴ ነው» የሚለው።

«ዝርዝር የለም» የሚለው ባለሱቅ። ከድር ራሱ ነው። እሱ ጋ የደረሰ ተጫዋች አንድ ዙር ይዘገያል።

ጠፊው።

ጠፊው ግርማ ነው። ጓደኛዬ። ብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ ማሽን ላይ ዕድሜውን የጨረሰ፣ አሁን ሐሙስ ሐሙስ እኔ በረንዳ ላይ «ወረፋ» ስንጫወት አራተኛችን የሆነ ሰው። በድሮ ጊዜ ቦኖ ላይ ጀሪካኑን ያስቀምጥና ብን ይላል። ተራው ሊደርስ ሲል ላብ በላብ ሆኖ ከች ይላል። ሰፈሩ ሲስቅበት ነው የኖረው። ሕግ ሰባት፦ ባለቤቱ ሦስት ዙር የጠፋ ጀሪካን ወደ ጭራ ይወሰዳል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጠፊ!» ይላሉ። ኮፍያውን፣ ጺሙን፣ ያንን አፍንጫ ሳላስቀር ሣልኩት።

ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ኮፒ አስነሣሁና አንዱን ለከድር ሰጠሁት፣ የላጲሱን ነገር ይቅር ማለቴን እንዲያውቅ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ዛሬ አስቀመጡኝ።

ሳባ አራት አስተማሪዎችን ከክፍል በኋላ ሰበሰበች። ሰሌዳውን፣ ቆርኪዎቹንና መጽሐፉን ሰጥታቸው በሩን ዘጋች። እኔን ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ የተማሪ ወንበር ላይ! «አንዲት ቃል ከተነፈስክ ሙከራው አይቆጠርም።» ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

በመስኮት ያየሁት፦

አንደኛው መጽሐፉን ተቀብሎ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ ይመስል ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነብላቸው ጀመር። ሥዕሉን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ። ሳምንት የፈጀብኝን ሥዕል በአውራ ጣት!

ሁለተኛዋ ጀሪካኗን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ጀሪካን ይዞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ዱቄቱን ልታጥበው ነው? መስኮቱን ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ሳባ በዓይኗ መለሰችኝ።

የስፖርት አስተማሪው ተነሥቶ ቆመና «መጣሁ፣ ቦታዬን» ብሎ ለሁሉም አወጀ። ለሁሉም አይደለም! ከኋላህ ላለው ለአንዱ ነው! ለሁሉም የተሰጠ አደራ ማን ላይ ይያዛል?

ሲወጡ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ያደናግራል» አሉኝ። የተደናገሩት እነሱ፣ የተወቀሰው ጨዋታው።

ከዚያ ሳባ ገጽ ሦስትን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው። «ጋሼ፣ ይኼ ቀስት የሚነሣው ከሰውየው ነው ወይስ ከጀሪካኑ?»

አየሁት። ከመሀል ነው የሚነሣው። ከሁለቱም። ለእሷ አላመንኩላትም፣ ለዚህ ደብተር ግን አምናለሁ፦ ጀሪካኑን ወፍጮ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ።

የሚስተካከል፦

ገጽ 3፦ ቀስቱ ከሰውየው እግር ይነሣ። ጀሪካኑ ሥር ጥላ ይጨመር፣ መሬት ላይ መቀመጡ እንዲታወቅ።

ገጽ 5፦ አፍ ወደ አንድ ጆሮ ይጠጋ። ሌሎቹ ጀርባቸውን ይስጡ።

ገጽ 8፦ ጽሑፉ ይቀነስ። በጣም አወራሁ።

ድል፦ «ጥያቄ ብቻ ነው» የምትለዋን ሴትዮ ሲያዩ ጽሑፉ ሳይነበብላቸው አራቱም ሳቁ። አንዷ «እናቴ ናት!» ብላ ጮኸች። ውጭ ሆኜ ጭኔን መታሁ። ጭን መምታት ቃል መተንፈስ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ግርማ አልመጣም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አራት ወንበር በረንዳው ላይ ይወጣል። ከድር ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ይመጣል፣ ሳባ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ትመጣለች። ግርማ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ተቀምጦ፣ ያልተላጠ ቀለም ያለውን ቆርኪ መርጦ ይዞ ይጠብቀናል። ዛሬ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ስልክ ደወልኩ፣ አያነሣም። ሦስት ሆነን ልንጀምር ሞከርን፣ ሳባ ቆርኪውን አስቀመጠችና «ይብቃን» አለች።

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ አስካለ የግቢውን በር ለአንድ ዓይን የሚበቃ ያህል ከፈተችልኝ።

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ደክሞታል ጋሽ ዘነበ።»

ከውስጥ ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፋል። ግርማ ኳስ እየሰማ ተኝቶ አያውቅም፤ ዳኛውን ሲሰድብ ነው የሚውለው። «እንግዲያው የተኛው ዳኛው ነው!» ብዬ ጮክ አልኩ፣ እንዲሰማኝ። ሬዲዮው ጠፋ። እኔ ላይ ሬዲዮ ይጠፋል?

ምክንያቱን የነገረኝ ከድር ነው፣ ያውም ሚዛኑን እየወለወለ፣ ፊቴን ሳያይ። ግርማ ጠዋት ሳሙና ሊገዛ መጥቷል። ወደ ቂሊንጦ የሚወስዳቸውን ሰርቪስ የሚጠብቁ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች መስታወቱ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ ይስቁ ነበር። አንዷ ዞር ብላ ግርማን አየችው። «ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ግርማ ቀረብ ብሎ ሥዕሉን አየው። ከሥሩ የተጻፈውን ሕግ ሰባትን አነበበ። የያዘውን ሳሙና ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

«ምንም አላለም?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አታወርደውም?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰጡኝ?»

ለአንድ ሥዕል! ለኮፍያና ለአፍንጫ! ከድርን ዝርዝር ደባቂ አድርጌ ሥዬው ለደንበኛ ሁሉ እያሳየ ይኮራል። እኔ ራሴ ገጽ አሥራ አንድ ላይ አፌን ከፍቼ ጀሪካን ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል፣ ዝንብ ሁሉ ሥዬበታለሁ። ማን አዘነልኝ? ማን ሬዲዮ አጠፋልኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

በንዴት ነው የነቃሁት። ኩርፊያ ከሆነ የእኔም ሒሳብ ረጅም ነው፦

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የጫማዬን ክር ከወንበሩ እግር ጋር ያሰረው ማነው? ግርማ። ወንበሩን እየጎተትኩ ነው ለቄሱ የተነሣሁት።

ባጃጅ ውስጥ ለሹፌሩ «ወዳጄ ጆሮው አይሰማም» ብሎ እስከ ማደያው ድረስ ሲያስጮህብኝ የሄደው ማነው? ግርማ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሸኙኝ ሰዎች ፊት አረማመዴን አስመስሎ የተራመደው ማነው? ግርማ። ፎቶውም አለ።

ተቀይሜ አውቃለሁ? ለአንድ ቀን። ቢበዛ ለሁለት።

በዚህ ላይ ማተሚያ ቤቱ ተጨመረ። ገጾቹን የሚያቀናብረው ሰውዬ «አሳምሬልዎታለሁ» ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ሰዎቼ የሉም! በእነሱ ፈንታ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጉንጫቸው የቀላ፣ የትም አገር የማይኖሩ ሰዎች ቆመዋል። ከኢንተርኔት ነው የለቀማቸው። ጀሪካን የለም፣ ባልዲ ይዘዋል። ወረፋው መሀል ውሻ አለ፣ መነጽር ያደረገ።

«የኔዎቹ የት ሄዱ?»

«የእርስዎ ትንሽ ሰፈር ሰፈር ይላሉ ጋሼ። ይኼ ፕሮፌሽናል ነው።»

«ሰፈር ሰፈር እንዲሉ ነው የሣልኳቸው! ውሻው ለምን ቆመ? ውሃ ሊቀዳ ነው?»

አጠገቡ ቆሜ አንድ በአንድ አስመለስኩት። ውሻውን በገዛ እጄ አጠፋሁት፣ የቱን እንደምነካ እሱ እያሳየኝ። ጠፊው ያለበት ገጽ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ሰውዬው ትንሽ አየውና «ይኼኛው እውነተኛ ሰው ነው አይደል? ያስታውቃል» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ሳምንት እኮራ ነበር።

ማስተካከያ ካለ ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቀኛል። ከዚያ በኋላ የገባው እንደገባ ይታተማል።

ሳባ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ሥዕሉን ሱቅ ላይ ከመለጠፉ በፊት አሳይተኸው ነበር?» አለችኝ።

«ጓደኛዬን? ፈቃድ ልጠይቀው? እኔና ግርማ እኮ…»

እንዲገባት ብዬ የድሮውን ነገር ነገርኳት። እሷ ገና ልጅ ሳለች ነው። ግርማ እንደልማዱ ጀሪካኑን አስቀምጦ ጠፋ። ከኋላው የነበርኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑን አንሥቼ ወስጄ ጭራ ላይ አስቀመጥኩት። ሲመለስ ቦታው የለም። ወረፋው ሁሉ «ጠፊ! ጠፊ!» እያለ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ጨዋታው የተወለደው ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሳባ አልሳቀችም።

«ሲሄድ ‹መጣሁ› ብሎህ ነበር?»

«ብሎኛል።»

«የት ነበር የሚሄደው?»

«እ?»

«ያን ሁሉ ጊዜ ጀሪካኑን እያስቀመጠ። የት ነበር የሚሄደው?»

አላውቅም። አልጠየቅሁትም። ማናችንም አልጠየቅነውም። መጠየቅ ቀልዱን ያበላሽብን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አስካለ ነገረችኝ።

ዘንቢል ይዛ ወደ ገበያ ስትሄድ ከባጃጅ ተራው አጠገብ አገኘኋት። በንዴት ነው የጀመርኩት። «ባልሽ እስከ መቼ ነው የሚያኮርፈኝ? ልጅ ነው?» አልኳት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ስትናደድ አይቻት አላውቅም፣ ዛሬም አልተናደደችም። ደክሟት ነበር።

«ጋሽ ዘነበ፣ ወንድሙ ሽመልስ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበር።»

ሹፌር ነበር አለችኝ። መንገድ ላይ ሰው ገጨ፣ ሰውየው ሞተ። አራት ዓመት ተፈረደበት። ግርማ ረቡዕና ቅዳሜ ጀሪካኑን ቦኖ ላይ አስቀምጦ፣ ምግቡን በፌስታል ይዞ ታክሲ ውስጥ ይገባል። እዚያም በር ላይ ወረፋ አለ። ተሰልፎ፣ አስፈትሾ፣ ከምግቡ እሱ ራሱ ቀምሶ አሳይቶ ያስገባል፣ የፊተኛውን ባዶ ሳህን ተቀብሎ ሮጦ ይመለሳል። ውሃው ካለፈው ቤቱ ውሃ የለም፤ ምግቡ ከቀረ ወንድሙ ጦሙን ይውላል።

«ለሰፈሩ አንዲት ቃል እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። የሟቹ ዘመዶች እዚሁ አቃቂ ነበሩ። የእነሱ ሐዘን እያለ ለእኛ እንዲታዘንልን አልፈለገም።»

«ጀሪካኑ ወደ ኋላ የሄደበት ቀን…» አልኳት።

«አንተ ነህ የወሰድከው። እናውቃለን። ተራችን ሳይደርስ ቦኖው ተዘጋ። ሁለት ቀን ከጎረቤት በጆግ እየለመንኩ ነው ያበሰልኩት። ግርማ ያን ዕለት እየሳቀ ነው ቤት የገባው። ‹ዘነበ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል› አለኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን…»

«ሳቁንማ ችሎት ነበር። አሁን ግን ‹መጽሐፍ ሆኖ ልጆች ሊማሩት ነው› አለኝ።»

ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። የባጃጅ ጡሩንባ ነው ከመንገዱ መሀል ያስነሣኝ።

ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ። መጀመሪያ «ለምን አልነገረኝም? ጓደኛው አይደለሁም?» ብዬ በግርማ ልናደድ ሞከርኩ። ለማን ይንገር? ሥዬ መስታወት ላይ ለማስለጥፈው ለእኔ? ከዚያ ከድር ሱቅ ሄጄ ሥዕሉን ራሴ ቀደድኩት። ከድር መስታወቱ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ በጥፍሩ ፋቀ። በእሱ ልናደድ እንኳ አልፈቀደልኝም። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ እሱን ደግሞ ትቼ የምሄድበት ቤት የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ዋልኩ።

መጀመሪያ ሕግ ሰባትን ሰረዝኩ። ሰርዤ ሳየው ደሜ ፈላ፤ ቦኖ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮ አያውቅም! ባለቤቱ የሌለ ጀሪካን ወደ ጭራ አይወሰድም ነበር። ወረፋው ፈቀቅ ሲል ከኋላ ያለው ሰው የራሱን በእጁ፣ የሌለውን ሰው ጀሪካን በእግሩ ገፋ እያደረገ ነበር የሚሄደው። «መጣሁ፣ ቦታዬን» የተባለው ለዚህ ነው። አንድ ቀን የሠራሁትን ተንኮል ሕግ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ፦ ባለቤቱ የሄደ ጀሪካን ቦታውን እንደያዘ ይቆያል፤ ከኋላው ያለው ሰው ይገፋለታል። የገፋ ሰው አንድ ቤት ይጨመርለታል።

ሳባ መጥታ ሁለት ሆነን የአራቱንም ተራ እየተጫወትን ሞከርነው። ጨዋታው ተሻለ። ድሮ ሁሉም ጀሪካኑን ጥሎ መሄድ ይፈራ ስለነበር ወረፋው ላይ ተገትሮ ይቀር ነበር፤ አሁን ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሰሌዳው ይንቀሳቀሳል። ይኼም አናደደኝ። የበደልኩት ሰው ጨዋታዬን አስተካከለልኝ፣ ያውም በሌለበት።

ሥዕሉ ግን ከበደኝ። ሁለት ሣልኩ።

አንዱ ላይ ግርማ የለም። ጀሪካኑ ብቻ አለ፣ የሌላ ሰው እግር ይገፋዋል። ንጹሕ ነው። ግን ግርማን ከወረፋው ማውጣት ጀሪካኑን ሁለተኛ ጊዜ ጭራ መውሰድ መሰለኝ።

ሌላው ላይ ሁለት ወረፋ አለ። በግራ የቦኖው፣ በቀኝ የትልቅ የብረት በር። መሀል ላይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይሮጣል፣ ፊቱ አይታይም፣ በፌስታል ሳህን ይዟል። በሕይወቴ ከሣልኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። ለዚህም ነው የፈራሁት። ያማረ ሥዕል ስለሆነ ብቻ የሰው ምስጢር ማውጣት አልችልም። አንዴ ሳልጠይቅ ሥያለሁ።

ሁለቱንም ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ደብዳቤውን ቀልድ ሳልጨምርበት ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አራተኛው፦ «ግርማ፣ ጀሪካንህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አደራ ሰጥተኸኝ ነበር። ይቅር በለኝ። ከሁለቱ የቱ ይታተም? ሁለቱንም መቅደድ ትችላለህ፣ ገጹ ባዶውን ይታተማል። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ዘነበ።»

አስካለ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ሬዲዮው ዝም እንዳለ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሦስት ሰዓት። ምንም።

አራት ሰዓት። ስልኩ ጮኸ፣ ዘልዬ አነሣሁት። ሽልማት ደርሶዎታል የሚል የተቀዳ ድምፅ ነው። ለተቀዳ ድምፅ የማይባል ነገር ተናገርኩ።

አራት ተኩል። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ደወለ።

«ጋሼ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ምን ላስገባ?»

«ገና ነው።»

«ካልሆነ ያ ውሻ ያለበትን…»

«ውሻውን ካስገባህ እኔም እመጣለሁ!» ብዬ ዘጋሁበት።

አምስት ሰዓት። ክፍሉን ሃያ ጊዜ ዞርኩት። አንድ ሰው እሺ ወይም እምቢ ለማለት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? አንዲት ቃል ናት! ደግሞ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የተሰለፈ ሰው ነው። በእሱ ላይ ሰዓት ልቆጥር? ሰዓቱን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ አየሁት።

አምስት ተኩል ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ግርማ አያንኳኳም፣ በጫማው ነው የሚመታው። ስከፍት የማላውቀው ሰው ነው። ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ። የእኔን ፖስታ ይዟል።

«ጋሽ ዘነበ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሽመልስ እባላለሁ፣ የግርማ ወንድም። ምግቡን ስበላ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ምን እንዳልኩ አላውቅም። ግባ ማለቴ አይቀርም፣ ገብቷልና። ቁጭ ብሎ ፖስታውን ከፈተ፣ ሁለተኛውን ሥዕል፣ የሚሮጠውን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ግርማ ማታ ደወለልኝ። ከአዳማ ጠዋት ተነሥቼ መጣሁ። እሱ አሁንም እንደተናደደ ነው፣ አልዋሽዎትም። ግን ‹ነገሩ ያንተ ነው፣ አንተ ካልክ ይታተም› አለኝ።» ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ። «ይኼ ግን ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

«ሳህኑ አንድ ነው። ሁለት ነበር የሚያመጣው። አጠገቤ የሚተኛ ጠያቂ የሌለው ልጅ ነበር። አንዱ የእሱ ነው። በር ላይ ከሁለቱም ይቀምስ ነበር።»

«እና ይታተም?»

«ሁለት ካደረጉት ይታተም።»

ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥዕልህ ተሳስቷል ሲሉኝ ሳልከራከር የተቀበልኩት ዛሬ ገና ነው። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ይኼን ወጥ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ውሃው መንጫጫት ጀምሯል፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀረኝም፣ ሽመልስ ደግሞ ጓዳ ገብቼ የቀረሁት ምን ሆኜ ነው ሳይል አይቀርም። እርሳስ ይዣለሁ። ሁለተኛውን ሳህን ግርማ በየትኛው እጁ ይይዘው እንደነበር አላውቅም።

ወጥቼ ልጠይቀው።